ዝም ያለ ቁስል

በሆስፒታላችን ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ለሌላው ሁሉ ሲስተር አፍንጫ ናት። አፍንጫዋ ትልቅ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ እንዲያውም ፊቷ ላይ ካለው ሁሉ የሚያንሰው እሱ ነው። ስሙን ያወጣላት አንድ ምላሰኛ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን አኮረፈች፤ ኋላ ለመደችው፤ ውሎ አድሮ ደግሞ ኮራችበት። ስልክ ስታነሳ ሳይቀር «አቤት፣ አፍንጫ ነኝ» ትል ነበር።

እኔና እሷ ያረጀነው ቁስል ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ጠባብ ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ ጎማው የሚንጫጫ ጠረጴዛ፣ ጎዝ የሚባለው የቁስል ጨርቅና ጓንት የሚቀመጥበት ባለመስታወት ቁም ሳጥን፣ በእግር ሲረግጡት የሚከፈት ባልዲ፣ አንዴ ከከፈቱት እሺ ብሎ የማይዘጋ ቧንቧ አለው። መስኮቱ የሚከፈተው በግማሽ ነው። እኔ ሁለት ማስክ ደርቤ፣ በላዩ ላይ ቅባት ቢጤ አፍንጫዬ ሥር ለቅልቄ እገባለሁ። እሷ ባዶ ፊቷን ትገባለች። ለምን ማስክ እንደማታደርግ ስትጠየቅ «ዓይኑን ሸፍኖ የሚነዳ ሹፌር አይተሽ ታውቂያለሽ?» ትላለች።

አሠራሯ እንዲህ ነበር። ፋሻውን ፈትታ የመጨረሻውን ጎዝ ከቁስሉ ላይ ስታነሳ ዓይኖቿን ትጨፍናለች። ጎንበስ ትላለች። ቀና ስትል ፍርዱን ትናገራለች። እንደ ሰነበተ ወይን ጣፈጥ ያለ ሽታ ከሆነ፣ አረንጓዴ መግል የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። የከረመ ዓሣ የመሰለ ከሆነ ሌላ ነው። ምንም ካልሸተተ ቁስሉ ሊድን ነው። ናሙናው ላቦራቶሪ ሄዶ፣ በቅሎ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ቀናት ይፈጃል፤ የእሷ ውጤት ጎዙ ባልዲው ውስጥ ሳይወድቅ ይደርሳል። ሐኪሞቹም ይሰሟት ነበር። ብዙ ጊዜ ልክ ነበረች። ሁልጊዜ አልልም። ሰዎች «አፍንጫዋ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም» ሲሉ ስሰማ ያበሽቀኛል። ይሳሳት ነበር፤ እንደ ማናችንም። እኛ ግን ስትሳሳት እየዘለልን ልክ ስትሆን እያጨበጨብን እዚህ አደረስናት፤ ይህን ስናገር ሰው አስቀይማለሁ ብዬ አልፈራም።

ልጅ አልወለደችም። ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟን ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የጫማውን ክር ማሰር አያውቅም፤ እሷ ደግሞ የነርስነት ትምህርት ጀማሪ ነበረች። አዝላው ክፍል ትገባ ነበር ይላል። እሷ ውሸቱን ነው ትላለች፤ እሱ ግን ይምላል። ጢሙ ሸብቶ እንኳ «እታለም» ነው የሚላት። እሷ «የእናቴ ልጅ» ትለዋለች። ስትቆጣ «አንተ ልጅ!» ትሆናለች።

ሥራው ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ጉልበቱ ላይ ስፖንጅ አስሮ፣ የጎማ መዶሻውንና ውሃ ልኩን አጠገቡ አድርጎ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ተንበርክኮ የሚውል ሰው ነው። ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የሰውን ፊት ሳይሆን ወለሉን ነው። አንድ ቀን እኔ ቤት መጥቶ መታጠቢያ ቤቴን ካየ በኋላ ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። «ይኼን ያነጠፈልሽ ሰውዬ ምን አድርገሽው ነው፣ እትዬ?» አለኝ። እስከ ዛሬ ፊቴን በታጠብኩ ቁጥር ያቺ ጠማማ መስመር ዓይኔ ውስጥ ትገባለች።

የእህቱን ማድቤት ግን ለመጨረስ አልታደለም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ያነጥፋል፤ ሥራ ሲሞቅ ይተወዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከበሩ ሥር አንድ ረድፍ ብቻ ሲቀረው አቆመ። ያቺ ረድፍ የቤቱ መቀለጃ ሆነች። «አፍንጫ፣ ወንድምሽ የሰው ቤት ሲያሳምር ያንቺ በር እንዲህ ተገጥቦ ይቅር?» እላታለሁ። እሱ ይቀበልና «ጨርሼላት ሥራ ፈትቼ ልቀመጥ?» ይላል።

ስኳር ያዘው። የስኳር በሽተኛ እግሩ ይደነዝዛል፤ ይህን እሷ ከማንም በላይ ታውቃለች፣ ጫማህን ሳትመረምር አታጥልቅ እያለች ጆሮውን አደንቁራዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አንድ ቀን የሴራሚክ ስባሪ ጫማው ውስጥ ገብቶ ሲረግጠው ውሎ አልታወቀውም። ቁስሉን ሲያየው ደግሞ ቁጣዋን ፈርቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ደበቃት። ደብቆ ሰነበተ። አንድ አመሻሽ ከሥራ መጥቶ በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ እሷ ማድቤት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«አንተ ልጅ! እግርህ ምን ሆኗል?» ስትል ጮኸች። ገና አላየችውም። ሽንኩርቱን አልፎ ወይን ወይን ሸቷታል።

በማግስቱ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ እግሩን ገልብጦ አየና ሁለቱ ጣቶች መቆረጥ አለባቸው አለ። ወንድምየው ግን በጄ አላለም። የሚነሳው ጣቱን ተክሎ እንደሆነ ለማሳየት የሐኪሙ ክፍል መሀል ተንበረከከ። «እዩት እንግዲህ ዶክተር፤ እነዚህ ከሌሉ እኔ እንዴት ብዬ ነው የምነሳው? ተንበርክኬ ልቅር?» አለ። ሐኪሙ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ያን ዕለት ቁስል ማጠቢያ ክፍል ገብታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ «የዚህ ልጅ እግር ከተቆረጠ እኔም አብሬ ልቆረጥ» አለችኝ። ለአንድ ሰው የምታነባው እንባ እንዳላት ያወቅሁት ያኔ ነው።

በዚያው ሰሞን ከዩኒቨርሲቲው እየመጣች በቁስል ላይ ጥናት የምታደርግ አንዲት ወጣት ዶክተር ነበረች። በየጭማቂ ቤቱ እየዞረች የሮማን ልጣጭ በከረጢት ስለምትሰበስብ ዶክተር ልጣጭ ብዬ ስም አውጥቼላታለሁ። ፊት ለፊት በዚህ ስም ጠርቻት አላውቅም፤ ሳታውቀው ግን አትቀርም። ከልጣጩ ያወጣችውን ነገር ቅባት አድርጋ፣ ፈቃደኛ ለሆኑ በሽተኞች በቁስላቸው ላይ ትቀባ ነበር። አፍንጫ ይህን ስትሰማ ወንድሟን ይዛ ልትገባበት ቆርጣ ተነሳች። እኔንም ጎትታ ላቦራቶሪዋ ወሰደችኝ።

ዶክተር ልጣጭ ስታስረዳ እጇም አፏም አያርፍም። «ባክቴሪያ ጥቂት ሲሆን ፈሪ ነው፣ ሲስተር» አለች። «ሰውነት ውስጥ ገብቶ ዝም ይላል። ግን እያንዳንዱ እኔ እዚህ ነኝ እንደማለት ትንሽ ትንሽ ኬሚካል ይለቃል። ሲበዙ ኬሚካሉም ይበዛል። ያኔ መብዛታቸውን ያውቁና በአንድ ላይ ይነሳሉ። መርዙም፣ መግሉም፣ ሥጋ የሚያሟሟውም ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጣጩ ውስጥ ያለው ነገር ይህን ወሬያቸውን ያደናቅፈዋል። መብዛታቸውን ካላወቁ አይነሱም።»

ከዚያ አንድ የላቦራቶሪ ሳህን አነሳች። ሳህኑ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሲነጋገር ሐምራዊ ቀለም የሚያወጣ ዓይነት ነው። ሳህኑ ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ ሆኗል። መሀሉ ላይ የልጣጩ ውሃ ውስጥ የተነከረች ቁራጭ ወረቀት አለች፤ በወረቀቷ ዙሪያ ቀለሙ የለም፤ ነጭ ክብ ሆኗል።

«እዚህ ጋ ሞተዋል» አለች አፍንጫ፣ በጣቷ ነጩን እያሳየች።

«አልሞቱም! ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚለው። እስቲ ወደ መብራቱ ይያዙት።»

ወደ መብራቱ ይዛ አዘነበለችው። እኔም በትከሻዋ አሻግሬ አየሁ። ነጩ ክብ ባዶ አልነበረም። ቀዝቅዞ የሰፈፈ ወተት መስሎ ባክቴሪያው ድፍን ብሎ በቅሎበታል። ቀለሙ ብቻ ነው የጠፋው።

«ሁሉም አሉ፤ ዝም ስላሉ ነው። ቅባቱ አይገድልም። የሚገድለው ሐኪሙ ያዘዘለት የባክቴሪያ ክኒን ነው፤ ክኒኑን አንድ ቀን ማቋረጥ የለበትም» አለች ዶክተር ልጣጭ። ከዚያ ትንሽ ፈራ ተባ ብላ ጨመረች፤ «እርስዎም ይጠንቀቁልኝ፣ ሲስተር። ያ የወይን ሽታ ራሱ የሚመጣው ሲነጋገሩ ነው። እርስዎ የሚያሸቱት እነሱን አይደለም፤ ወሬያቸውን ነው። ወሬው ሲቆም ሽታውም ይቆማል።»

«ልጄ፣» አለች አፍንጫ እየሳቀች፣ «እኔ ማሽተት ስጀምር አንቺ ገና አልተወለድሽም።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ቅባቱ ተጀመረ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ያለ ነገር ዓይቼ አላውቅም። መጀመሪያ አረንጓዴው ከጎዙ ላይ ጠፋ። ከዚያ መግሉ ቀነሰ። የቁስሉ አፍ እንደ ሕፃን ድድ ቀይ ሆነ። አፍንጫ ጎዙን ባነሳች ቁጥር ጎንበስ ትልና ቀና ስትል ፊቷ ይፈካል። «ትንሽ ነው የቀረው» ትላለች፤ በሌላው ቀን «ሽው ብቻ ነው ያለው» ትላለች፤ ከዚያ ምንም ማለት ተወች። ሐኪሙ የጣቶቹን ነገር ለጊዜው እንተወው አለ። ወንድምየው አልጋው ላይ ተጋድሞ ሁላችንንም ያስቃል። «ልጣጩ ለኔ ደርሶኛል፤ ፍሬውን የበላው ማነው?» እያለ ዶክተር ልጣጭን ያፋጥጣታል። እሷ ደግሞ በየሳምንቱ ሁለት ነገር ሳትጠይቅ አትወጣም። አንዱ ሕመም አለህ ወይ ነው። ሌላው ክኒኑን እየወሰድክ ነው ወይ ነው።

ክኒኑ ግን አልተስማማውም ነበር። የዋጠውን ያስመልሰዋል፤ አፉ ብረት ብረት ይለዋል፤ እህል ሲያይ ይዘጋዋል። አንድ አዲስ ሕንፃ ላይ የደረጃ ሥራ ይዟል፤ ደረጃ ማንጠፍ የሥራው ሁሉ ራስ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አንድ ደረጃ ከሌላው በፀጉር ቢበልጥ ሰው ይሰናከላል። ባዶ ሆዱን፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ውሃ ልኩን እንኳ ማንበብ አቃተው። አንድ ቀን ማድቤቱ ውስጥ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ፋሻውን ራሱ ፈታ። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ።

«እታለም፣ አሽትቺኝና ቁርጡን ንገሪኝ» አላት። «ካለ ክኒኑን እውጣለሁ። ከሌለ ግን በእናታችን ይብቃኝ፤ ሰው መሆን አቃተኝ።»

ዓይኗን ጨፍና ጎንበስ አለች። ጎዝ ጎዝ ሸተታት፤ ሌላ ምንም የለም። ያ ነጭ ክብ ትዝ አላለሽም ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ትዝ ብሏታል። ግን ያ ሳህን ላይ ነው፤ ይህ የወንድሟ እግር ነው፤ አፍንጫዋ ደግሞ የራሷ ነው። ልጁም ከስቶ ከስቶ የአንገቱ ሥር ገደል ሆኗል።

«ይብቃህ» አለችው።

ዶክተር ልጣጭ በሳምንቱ ስትጠይቅ «እየወሰደ ነው» ብላ የመለሰችው እሷ ናት። እሱ ዝም አለ። ያኔ ጆሮዬ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቃል ብቻ አያልቅም ነበር፤ እህትም ብትሆን፣ የሥራ ጓደኛዬም ብትሆን፣ ኮሌታዋን ይዤ አንቃት ነበር። ለበሽተኛ ዘመድ በቀን ስንቴ «መድኃኒት አታቋርጡ» የምትል ሴት! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ደግሞ ወዲያው አንጀቴ ይንሰፈሰፋል። የራሴ ልጅ ሲያስመልስ ፊቱን ባይ ምን እንደማደርግ እኔም አላውቅም።

ክኒኑ ሲቀር ወንድምየው ሰው ሆነ። በላ፣ ቀለደ፣ ሥራ ገባ። ቅባቱ ቀጠለ። ቁስሉ ሊገጥም ጥቂት ቀረው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከሚያነጥፈው ደረጃ ላይ የሥራ ባልደረቦቹ በጨርቅ ተሸክመው አመጡት። ተንበርክኮ እያለ መንቀጥቀጥ ጀምሮ፣ መዶሻው ከእጁ ወድቆ፣ እሱም ተከትሎ ወድቋል። ትኩሳቱ እጅ ያቃጥላል። አፉ ይቀባዥራል፤ ስለ አንድ የሌለ ደንበኛ ይጨቃጨቃል። ፋሻውን ስንፈታ ቁስሉ ያው ነው፤ ቀይ፣ ንጹሕ፣ ዝም ያለ። አፍንጫ አሸተተችው። «እዚህ አይደለም፤ ሳንባው ይሆናል» አለች።

ሐኪሙ ጓንት አጠለቀ። የእግሩን መዳፍ በሁለት አውራ ጣቱ ይዞ ከተረከዝ ወደ ፊት ጫን አድርጎ ገፋው። ከጎን በኩል ቆዳው ተቀደደና አረንጓዴ ፈሳሽ አንሶላው ላይ ተዘረገፈ። ክፍሉ በወይን ሽታ ተሞላ። እኔ በሁለት ማስክ ውስጥ ሸተተኝ። እሷ ባዶ ፊቷን ቆማ ነበር። ያን ፊቷን ልገልጽላችሁ አልችልም፤ ልሞክርም አልፈልግም።

ራጅ ሲነሳ የእግሩ አጥንት ተበልቷል። ዶክተር ልጣጭ እየሮጠች መጣች፤ ስለ ክኒኑ ስትሰማ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ቅባቱ የሚደርሰው ላይ ላዩን ነው። ላይ ያሉት ዝም ብለው ነበር። ታች አጥንቱ ዘንድ ቅባትም የለም፣ ክኒንም የለም፤ እዚያ ያሉት ተባዝተው፣ ወሬያቸውን አውርተው፣ የሚያደርጉትን አድርገዋል። እላይ የሚሸት ነገር ስላልነበረ ማንም አልሰማቸውም። ዶክተር ልጣጭ አንድም ሰው ላይ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

ቅላቱ ቁርጭምጭሚቱን አልፎ ወደ ላይ እየወጣ ነው። የጣቶቹ ነገር አክትሟል፤ የእግሩም። አሁን የቀረው ጥያቄ ጉልበቱ ነው። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ አስቁሞ ነገራት፤ እኔ ክንዷን ይዣለሁ።

«ከጉልበቱ በታች ብቆርጠው ሰው ሠራሽ እግር አድርጎ ይንበረከካል፤ ሥራውንም አያጣም» አላት። «ግን በሽታው እዚያ ድረስ ወጥቶ ከሆነ ተመልሼ መክፈት አለብኝ። ሁለተኛውን ይችለዋል ብዬ አላምንም። ከጉልበት በላይ ከሆነ በሕይወት ይተርፋል ብዬ ደፍሬ እነግርሻለሁ። ናሙና ቢላክም እስኪበቅል አይጠብቀንም። እኔ ከታች ልሞክር ባይ ነኝ። እሱ ራሱን አያውቅም፤ ዘመዱ አንቺ ነሽ።»

«ከፍተው ያሳዩኝ» አለች።

ጋውንና ማስክ አልብሰን አስገባናት። ተኝቷል። ሐኪሙ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ባቱ ላይ አጭር መስመር ቀደደና ሥጋውን ከፈት አደረገው። ማስኳን አወረደች፤ ማንም አልከለከላትም። ዓይኖቿን ጨፈነች። ጎንበስ አለች። ከመቼውም ይልቅ ቆየች። እኔ ማንን እንደምለምን ሳላውቅ እለምን ነበር። ከሐኪሙ ጀምሮ እስከ ማደንዘዣ ሰጪው ድረስ ሁላችንም የምናየው የእሷን ጀርባ ነው።

ቀና አለች። «ከላይ ቁረጡት» አለች።

«ሸተተሽ?» አላት ሐኪሙ።

«ከጉልበት በላይ ቁረጡት አልኩ እኮ!»

ተቆረጠ። ወንድምየው ተረፈ። ትኩሳቱ ወረደ፤ መቀባዠሩ ቆመ፤ ነቅቶ አንሶላውን በእጁ ዳበሰና ጉልበቱን ፈልጎ አጣው። የጮኸውን ጩኸት ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቷል። አልጋው አጠገብ ያለው አስታማሚ ከንፈሩን መጠጠ። እሷ እጁን ይዛ ተቀምጣለች። ለሕይወትህ ስንል ነው አልነው። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናምነው፤ ቢያንስ እኔ።

ዶክተር ልጣጭ ከተቆረጠው እግር ከየቦታው ቁራጭ ወስዳ ነበር። ከቀናት በኋላ ቁስል ማጠቢያ ክፍል መጣች። እኔ ባልዲ እያጠብኩ፣ አፍንጫ ጎዝ እያጠፈች ነበር። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ እጇን የምታደርግበት አጣች።

«ተናገሪ» አለቻት አፍንጫ፣ ከጎዙ ቀና ሳትል።

«ከጉልበቱ ሥር ያለው ሥጋ... ምንም አልበቀለበትም። ንጹሕ ነበር።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ቅባቱ ዝም አሰኝቷቸው ቢሆንስ? አንቺው ራስሽ አይደለሽ እንዴ ዝም ይላሉ ያልሽን?»

«ዝም ያለም ሳህን ላይ ይበቅላል፤ አይተውታል እኮ። ደግሞ ቅባቱ የተቀባው መዳፉ ላይ ነው፤ ጉልበቱ ዘንድ በጭራሽ አልደረሰም። እዚያ ባክቴሪያ ቢኖር ኖሮ ያወራ ነበር፤ ያወራ ከነበረ ይሸት ነበር።» ልጅቱ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ፣ ሲስተር። አለመናገር አልቻልኩም።»

«አውቄዋለሁ» አለች አፍንጫ።

«እንዴት?»

«አሽትቼው የለ? ንጹሕ ነበር። ደም ደም ብቻ ነው የሸተተኝ።»

ባልዲውን አስቀመጥኩት። ያስቀመጥኩት ነው የሚመስለኝ፤ ውሃው ጫማዬ ላይ ፈስሷል። «ታዲያ ምን ቆርጦሽ ከላይ ቁረጡት አልሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

ጎዙን ማጠፍ አላቆመችም። ጠርዙን ከጠርዙ ጋር አገጣጠመች፣ በመዳፏ ዳመጠችው።

«ከዚህ በፊትም ንጹሕ ነው ብዬው ነበር» አለች።

አትንገሪው አልኳት። ለምኜ አትንገሪው አልኳት፤ አንቺ ባትነግሪው ማንም አይነግረውም፣ ሆድ ይፍጀው አልኳት። ነገረችው። ክኒኑንም፣ ሳህኑንም፣ ጉልበቱንም፣ አንድ ሳታስቀር። እሱ ሰምቶ ሲያበቃ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቤት ከገባም በኋላ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ ያጎረሰችውን እየጎረሰ፣ ፋሻውን እያሰናዳችለት፣ እታለም ማለት ተወ። «ሲስተር» ይላት ጀመር፣ ልክ እንደ ማንኛውም በሽተኛ። «ሲስተር፣ ውሃ አቀብዪኝ።» «ሲስተር፣ በሩን ዝጊው።» ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር።

ሥራ ላይ አሁን ሁለት ማስክ ደርባ ነው የምትገባው። ለእያንዳንዱ ቁስል ናሙና ትልካለች፤ ላቦራቶሪዎቹ ተሰላችተውባታል። ስልክ ስታነሳ «አቤት» ትልና ትጠብቃለች። አዲስ የመጡት ሐኪሞች ስሟን ሰምተው አፍንጫሽ ምን ይላል ሲሏት፣ «ጉንፋን ይዞኛል» ትላለች። ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን ነው።

በቀደም ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የጎማ መዶሻ ድምፅ ይሰማል። ልቤ ዘለለ። ስገባ እሱ ማድቤቱ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፏል፤ የሱሪው አንድ እግር ከጭኑ ሥር ታጥፎ ተሰፍቷል። መሬት ላይ ያለችው እሷ ናት። የእሱን ስፖንጆች ጉልበቷ ላይ አስራ፣ እስከ ክርኗ በማጣበቂያ ተለውሳ፣ ያቺን የበሩን ረድፍ ታነጥፋለች። ሰላምታዬን ሁለቱም ራሳቸውን በመነቅነቅ ብቻ መለሱ።

«ዝቅ አድርጊው» ይላታል። «በሱ በኩል አይደለም። ቀስ ብለሽ መታ መታ አድርጊው። ውሃ ልኩን አስቀምጪና ልየው።» ወደ ፊት አጎንብሶ አየ። «ጠማማ ነው፤ አንሺው።»

አነሳችው። ማጣበቂያውን ፋቀች፣ እንደገና ለቀለቀች፣ እንደገና አስቀመጠች። እንደገና ጠማማ ነው አላት። እኔ ከነበርኩበት ሳልንቀሳቀስ ያንኑ አንድ ሴራሚክ ደጋግማ አነሳች። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ርኅራኄም የለም። ሙያውን ነው የሚናገረው። በመጨረሻ ውሃ ልኩን አይቶ ዝም አለ፤ ዝም ማለቱ ይሁን ማለቱ ነበር።

ማጣበቂያ ልታመጣ ልትነሳ ሞከረች። አቃታት። ዕድሜዋም ነው፤ ተንበርክካ የዋለች ሴት ናት። እጇን ወለሉ ላይ ብታስደግፍ ያነጠፈችውን ታበላሻለች። ወንበሩን እንዳትይዝ እሱ አለበት። እኔ ላነሳት ስራመድ እሱ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ።

«ጣትሽን ትከዪ» አላት። «የእግርሽን ጣት። እንደሱ ካልሆነ አትነሺም።»

እታለምም አላለም፣ ሲስተርም አላለም። የእግሯን ጣቶች ወለሉ ላይ ተከለችና ተነሳች።